የግብርና ተመራቂ ዕዳና ደመወዝ፦ በየትኛው ሚዛን?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚሰማበት ሰሞን ከወላጆችም ከወጣቶችም ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ። «ግብርና አጥንቶ የሚገኘው ደመወዝ ሲማሩ የገቡበትን ዕዳ ለመክፈል ይበቃልን?» ይላል። ጥያቄው ሲያዩት የገንዘብ ብቻ ይመስላል። ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን ለማን ምን እንዳለብን የሚጠይቅ የፍትሕ ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን። ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እህቶችም ምክር የምትጠየቁበት ጉዳይ ስለ ሆነ በእነዚህ ገጾች ልናየው ወደድን።

አስቀድመን አንድ ስሕተት እናርቅ። ማስላት የእምነት ጉድለት አይደለም። ጌታችን ራሱ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ በሉቃስ ወንጌል 14ኛ ምዕራፍ አስተምሮናል። ስለዚህ ወጣቱ ደመወዙንና ዕዳውን አስልቶ ሲጠይቀን «እግዚአብሔር ያውቃል፤ ዝም ብለህ ግባ» ማለት ምክር ሊባል አይችልም።

እንግዲህ እናስላ። በአገራችን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት የመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ የተወሰነውን ክፍል ይጋራል። ክፍያውንም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው አንድ አሥረኛ ያህል እየተቆረጠበት ይፈጽማል። ለምሳሌ ያህል የሁለት ተመራቂዎች ዕዳ እኩል 60,000 ብር ነው እንበል። አንደኛው በወር 10,000 ብር፣ ሁለተኛው 20,000 ብር ቢያገኙ፣ የመጀመሪያው በየወሩ 1,000 ብር እየከፈለ በአምስት ዓመት፣ ሁለተኛው 2,000 ብር እየከፈለ በሁለት ዓመት ተኩል ይጨርሳሉ። ዕዳው በገቢ መጠን ስለሚቆረጥ ደመወዙ ያነሰውን ሰው በአንድ ጊዜ አይጥለውም፤ ነገር ግን ረዥም መንገድ አብሮት ይጓዛል።

ይሁን እንጂ አሥረኛው በቁጥር እኩል ቢሆንም በኑሮ እኩል አይደለም። ከብዙው የሚቆረጠው ከትርፉ ነው፤ ከጥቂቱ የሚቆረጠው ግን ከእንጀራው ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጡት መልእክታቸው ደመወዝ በቁጠባ የሚኖረውን ሠራተኛ ሊያኖረው የሚገባ መሆኑን፣ ከዚያ ያነሰው ደግሞ ሠራተኛው ራሱ ቢስማማበት እንኳ ፍትሕ እንደሚጐድለው አስተምረዋል። ዮሐንስ 23ኛም እ.ኤ.አ. በ1961 «እናትና መምህርት» በተሰኘው መልእክታቸው ሰዎች ገጠሩን እየለቀቁ ወደ ከተማ የሚፈልሱበትን ምክንያት መርምረው፣ ለግብርና ተስማሚ ብድር፣ ዋስትናና ትክክለኛ ዋጋ እንዲኖር ጠይቀዋል። በመሆኑም በሩቅ ቀበሌ የሚሠራውን የልማት ሠራተኛ «ሥራህ የተቀደሰ አገልግሎት ነውና ደመወዝ አትቍጠር» የሚል ሰው የራሱን ግዴታ በሌላው ጽድቅ ይሸፍናል።

እስከዚህ ያሰላነው ግን በደመወዝ መክፈያ ወረቀት ላይ የሚታየውን ዕዳ ነው። ወጪ መጋራት ከተባለ የቀረውን ድርሻ የከፈለ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። ይህም ሕዝቡ ነው፤ ከሕዝቡም አብዛኛው የራሱ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልደረሰለት ገበሬ ነው። ይህ ዕዳ በየወሩ አይቆረጥም፤ ደረሰኝም የለውም። ደግሞም የግብርና ተመራቂው ብቻ ዕዳ አይደለም፤ ሐኪሙም መሐንዲሱም፣ በዘርዐ ክህነት የተማርነው እኛም ጭምር ከሌሎች ላብ ተምረናል። ልዩነቱ ሌሎቻችን አበዳሪያችንን ሳናየው ልንኖር ስንችል፣ የግብርና ባለሙያው ግን በየማለዳው በማሳው ላይ ያገኘዋል። ማዳበሪያው ለምን እንዳልሠራለት፣ በሬው ለምን እንደ ከሳ፣ አፈሩ ለምን እንደሚታጠብ ይጠይቀዋል። ሙያው ዝቅ ብሎ የሚታይበት ምክንያት ይህ ቅርበት ከሆነ ሚዛናችን ተዛብቷል።

ታዲያ ወጣቱን ግብርና እንዲያጠና እናስገድደው ማለታችን ነውን? አይደለም። ጥሪ በነጻነት የሚመለስ መልስ ነው። ያረጁ ወላጆችና ታናናሽ ወንድሞች በእጁ ያሉበት ወጣት የተሻለ ደመወዝ ያለውን ሙያ ቢመርጥ ማንም ሊወቅሰው አይገባም፤ ይህም ፍቅር ነው። ነገር ግን ለአፈርና ለከብት ተሰጥኦ ያለው ሰው ጭቃውን ንቆ ብቻ ቢሸሽ፣ የናቀው ያሳደጉትን እጆች መሆኑን ሊያስብ ይገባዋል።

ስለዚህ ምክር ስትጠየቁ ሦስት ነገሮችን እንድትጠይቁ አደራ እንላለን። አንደኛ፣ ዕዳው ስንት ነው? በስንት ዓመትስ ያልቃል? ቁጥሩ በወረቀት ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ለትምህርቱ በሬ ወይም መሬት ያጡ ወላጆች ምን ተስፋ ያደርጋሉ? ይህ ሳይነገር ከቀረ ኋላ ቅሬታ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ልጁ ይህን ሙያ ደመወዙ እኩል ቢሆን ይመርጠው ነበርን? መልሱ «አዎን» ከሆነ ያለው ችግር የደመወዝ ነው፤ ደመወዝን ማስተካከልም የማኅበረሰቡ ሁሉ ግዴታ እንጂ የእርሱ ብቻ ሸክም አይደለም።

የተማረውም ቅዱስ ጳውሎስ የሚገባውን ለሚገባው ሁሉ እንድንከፍል እንዳዘዘን አስቦ የታወቀውን ዕዳ ሳያመነታ ይክፈል። ያልተጻፈውን ዕዳ ግን በአምስት ዓመት የሚጨርሰው የለም፤ በየትኛውም ሙያ ብንሆን ዕድሜያችንን ሙሉ በአገልግሎት የምንከፍለው ነው። እውነተኛ ሚዛንን የሚወድ አምላክ የሁላችንንም ሚዛን ያቅናልን።