የሚያቈጠቍጥ ጉቶና የቈራጩ ሕሊና

ተቈርጦ መልሶ የሚያቈጠቍጥ ዛፍ ያለው ሰው፥ የመቍረጥ ፈቃዱ ወሰን አለውን? ወይስ ተመልሶ ይበቅላልና እንደ ወደደ ሊቈርጥ ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ በባሕር ዛፍ ምሳሌነት እንመረምረዋለን።

ባሕር ዛፍ የአውስትራልያ ተክል ሲሆን፥ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ዱር ተመንጥሮ የማገዶ እጦት ስለ ጸና፥ ንጉሠ ነገሥቱ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው ነበር። ፈጥኖ የሚያድገው ይህ ዛፍ ግን ችግሩን አቃልሎ ከተማይቱ በቦታዋ እንድትጸና ረዳ።

የዚህ ዛፍ ኀይሉ በሥሩ ነው። ግንዱ ሲቈረጥ ሥሩ በምድር ውስጥ ሕያው ሆኖ ይቀራል፤ ከጉቶውም ብዙ ቀንበጥ ይወጣል። ሥሩ አስቀድሞ የተዘረጋ ስለ ሆነ፥ ቀንበጡ ከአዲስ ችግኝ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል። ዳሩ ግን ይህ የሚሆነው ቈራጩ ሲጠነቀቅ ነው። በተሳለ መጥረቢያ ወይም መጋዝ፥ ወደ መሬት አስጠግቶ፥ ውሃ እንዳይቋጥር አዘንብሎ፥ ልጡንም ሳይገሸልጥ ሊቈርጥ ይገባዋል። ከወጡትም ቀንበጦች ብርቱውን አንዱን ወይም ሁለቱን አስቀርቶ የቀሩትን ያነሣል፤ ለጋውንም ከከብት ይጠብቃል። እንዲህ የተያዘ ጉቶ ለብዙ ጊዜ ይሰጣል። ያለ ዕድሜው ደጋግመው የቈረጡት ግን ኀይሉ እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ይደርቃል።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፥ ተመልሶ የሚበቅል ሁሉ የማያልቅ አለመሆኑን ነው። ቀንበጡ ለዛሬው ቈራጭ የተሰጠ ነው፤ ሥሩ ግን የሚመጣው ትውልድም ድርሻ አለበት። ስለዚህ ሥሩን የሚያጠፋ ሰው፥ በገዛ መሬቱ ላይ ቢሆንም፥ የልጆቹን ገንዘብ ይበላል።

«ድኻ ለዛሬ ማገዶ ሲያጣ እንዴት ሥርን ይጠብቃል?» የሚል ቢኖር፥ ጥያቄው እውነተኛ ነው። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው፥ «ታገሡ» ብቻ ብሎ ሊያልፍ አይገባውም። የመታገሥ ዕዳ አስቀድሞ የሚወድቀው ባለው ላይ ነውና። በኦሪት ቃርሚያው ለድኻ እንዲቀር እንደ ታዘዘ፥ ባለ ዛፉም ከቈረጠው የተረፈውን ጭራሮ ለተቸገረው ይተውለት።

ደግሞም ባሕር ዛፍ ውሃን አብዝቶ ይስባል። በምንጭ ዳር ወይም በጎረቤት እርሻ ድንበር የሚተክል ሰው፥ ትርፉን ለራሱ ጉዳቱን ለባልንጀራው ያደርጋል። የዛፉ መልሶ መብቀል ይህን በደል አያነጻውም።

ጻድቁ ኢዮብ የተቈረጠ ዛፍ ተስፋ እንዳለው ተናግሯል። ያን ተስፋ በሥሩ ያኖረ ፈጣሪ ነው፤ መጠበቁ ግን መጥረቢያውን ለያዝን ለእኛ ተትቷል።