የተሰረቀ ገንዘብ ምጽዋት ይሆናልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አንድ ሰው ባሕር ማዶ ተሻግሮ በማታለል ገንዘብ ቢያገኝ፣ በዚያው ገንዘብም ለትውልድ መንደሩ የውኃ ጉድጓድ ቢያስቆፍር፣ የሙት ልጆችን የትምህርት ክፍያ ቢከፍል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ቆርቆሮ ቢያለብስ ምን ይባላል? በጎ አድራጊ ወይስ ሌባ? ይህ ጥያቄ በናይጄሪያውያን ዘንድ፣ ይልቁንም በውጭ አገር በሚኖሩት መካከል፣ ብዙ ያከራከረ ነው። እኛም በክፍላችን ሁለት ወገን ሆነን ስለ ተከራከርንበት ነገሩን በጽሑፍ ልናሰፍረው ወደድን።

አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። ናይጄሪያ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ናት። በውጭ ያሉ ልጆቿ በለንደን ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ነርሶች፣ በአሜሪካ ከተሞች ሐኪሞችና መሐንዲሶች፣ ታክሲ ነጂዎችና የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ለየቤተሰቦቻቸው በዓመት የሚልኩት ገንዘብ ወደ 20 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይጠጋል። አብዛኞቹም ይህን የሚልኩት ላባቸውን አንጠፍጥፈው ነው። ስለ ጥቂቶች ስንናገር ሕዝቡን ሁሉ እንዳናማ እንጠንቀቅ፤ ሐሜትም የሰውን ስም የሚወስድ ስርቆት ነውና።

ማጭበርበሩ በዚያ አገር «419» ይባላል። ይህም ማታለልን ከሚከለክለው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋቸው የአንቀጽ ቁጥር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የነዳጅ ዋጋ በወደቀ ጊዜ የናይራ ዋጋም አብሮ ወረደ፤ ከዩኒቨርስቲ የወጣው ወጣት ሥራ አጣ። ያን ጊዜ ጥቂቶች ወደ አውሮፓና አሜሪካ ደብዳቤ ይልኩ ጀመር። ደብዳቤው ትልቅ ሀብት ተስፋ ይሰጥና ለማስለቀቂያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ አስቀድሞ ይጠይቃል። ኢንተርኔት ሲመጣ ሥራው ቀለለ። አንዱ በፍቅር ስም መበለቲቱን ያታልላል፤ ሌላው በድርጅቶች ኢሜይል ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ይሰልልና ክፍያ በሚደርስበት ቀን የባንኩን ሒሳብ ቁጥር ይለውጣል።

ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ሃሽፐፒ የተባለው ራሞን አባስ ነው። በዱባይ እየኖረ ውድ መኪናውንና ልብሱን ለሚሊዮኖች ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ተያዘ፤ በ2022 በሎስ አንጀለስ ከ11 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት። ፍርድ ቤቱ ለሁለት ተበዳዮች 1,732,841 ዶላር እንዲመልስም አዘዘው። ከተበዳዮቹ አንዱ በካታር የሚገኝ ሰው ሲሆን፣ ብድር ይፈልግ የነበረው ትምህርት ቤት ለመሥራት ነው። ወንድሞች ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ለልጆች ትምህርት ቤት ሊሠራ ከተነሣ ሰው ገንዘብ ከተወሰደ በኋላ፣ ከዚያው ላይ ተቆንጥሮ የአንድ ልጅ የትምህርት ክፍያ ቢከፈልበት የትኛው ነው በጎ ሥራው?

ሌላው ኦቢንዋኔ ኦኬኬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ፎርብስ መጽሔት በአፍሪካ ተስፋ ከሚጣልባቸው ወጣት ነጋዴዎች ጋር ስሙን አውጥቶት ነበር። በ2021 ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር በሚሆን ማጭበርበር አሜሪካ ውስጥ 10 ዓመት ተፈርዶበታል። በመልካም ስምና በወንጀል መካከል ያለው ግድግዳ ምን ያህል ስስ እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

የሚከራከሩላቸው ሰዎች ምን ይላሉ? አንደኛው ነገር፣ «ነጮች አያቶቻችንን በባርነት ሸጡ፣ ሀብታችንንም ዘረፉ፤ እኛ ያንኑ እየመለስን ነው» የሚል ነው። ግፉ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን በጡረታ ገንዘቧ የምትኖር አንዲት አሮጊት ማንን ሸጠች? ደግሞስ ከተታለሉት መካከል ራሳቸው አፍሪካውያን አሉበት። አባቶቻችን «የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ደግሞም ዕዳውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ እናስብ። ቤት ሊከራይ ወይም የባንክ ሒሳብ ሊከፍት የሄደ ሐቀኛው ናይጄሪያዊ ፓስፖርቱን ባወጣ ጊዜ በጥርጣሬ የሚታየው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ክርክር ግን እኛንም አስጨንቆናል፤ ከራሳችን ቤት የወጣ ነውና። ከመካከላችን አንዱ ወንድም፣ «በላዔ ሰብእ 78 ነፍስ በልቶ በጥርኝ ውኃ የዳነ አይደለምን? የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ይህንኑ አይደለም የምንሰማው? ታዲያ መንደር ሙሉ ውኃ ያጠጣውን ሰው ለምን እንኮንናለን?» አለ። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

ነገሩን ስንመረምረው ግን ታሪኩ ለአጭበርባሪው ጠበቃ የሚቆም ሆኖ አላገኘነውም። በላዔ ሰብእ ለለምጻሙ የሰጠው ከራሱ ውኃ ነው፤ ከሌላ ከተጠማ ሰው ቀምቶ አልሰጠውም። የሰጠውም ስሙ እንዲጠራለት ሳይሆን በእመቤታችን ስም ስለ ተለመነ ነው። ከሁሉም በላይ፣ በታሪኩ ውስጥ ሰው መብላቱ ልክ ነበር ያለ ማንም የለም። የነፍሱ ፍርድ በአምላክና በእናቱ ምልጃ የተፈጸመ ምሥጢር ነው። የአጭበርባሪውም ነፍስ ፍርድ እንዲሁ የእግዚአብሔር ነው፤ እኛ ገሃነም አንልክበትም። ምሕረት ይቻላል ማለትና ዕዳ የለበትም ማለት ግን ሁለት ነገር ነው።

ይህን ከዘኬዎስ ይልቅ የሚያስረዳን የለም። ዘኬዎስ ግማሽ ሀብቱን ለድሆች እንደሚሰጥ ተናገረ። ወንጌላዊው ሉቃስ የጻፈውን አስተውለን ብናነብ በዚያ አላበቃም፤ ያታለለውን ደግሞ አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። ሁለቱ ሒሳቦች ለየብቻ ናቸው። ለድሃው የሰጠው ለተታለለው የሚገባውን አልቀነሰለትም። ብዙውን ጊዜ ግን የምንሰማው የፊተኛውን ግማሽ ብቻ ነው። ሰጪው ሲመሰገን እናያለን፤ የተሰረቀችው አሮጊት ግን በዚያ ጉባኤ ላይ አልተጠራችም፤ በሌላ አገር ተቀምጣ ለልጆቿ እንኳ ለመናገር እያፈረች ነው።

ስለ ሸክላ ሠሪው መሬትም እናስብ። ይሁዳ ሠላሳውን ብር በጣለ ጊዜ የካህናት አለቆች የደም ዋጋ ነውና ወደ ቤተ መቅደስ መዝገብ ሊገባ አይገባም አሉ። ጌታን አሳልፈው የሰጡት እነዚህ ሰዎች እንኳ ይህን ያህል ያውቁ ነበር። በገንዘቡ ምን አደረጉበት? ለእንግዶች መቃብር የሚሆን መሬት ገዙበት። ይህ በራሱ በጎ ሥራ ነው፤ ጦቢት ሙታንን በመቅበሩ ተመስግኗል፤ ዘመድ የሌለውን ስደተኛ መቅበር ደግሞ ከዚያ አያንስም። ሆኖም መሬቱ የካህናቱ ምጽዋት ተብሎ አልተጠራም፤ አኬልዳማ፣ የደም መሬት ተባለ። መቃብሩ ለእንግዶቹ ጠቀማቸው፤ የሰጡትን ግን አላነጻቸውም። መንደሩም ጉድጓዱን መድፈን የለበትም፤ ልጆቹ ይጠጡ፤ ውኃው አልበደለም።

እንግዲህ ወቀሳው በሰጪው ላይ ብቻ ይወድቃል ማለት አይደለም። አንድ ወጣት ሥራው ሳይታወቅ በአንድ ጊዜ ሲከብር የፊተኛውን ወንበር የሚሰጠው ማን ነው? የክብር ስም የሚጨምርለት፣ በመድረክ አቁሞ የሚባርከው ማን ነው? በናይጄሪያ ይህን የሚጠይቁ ክርስቲያኖች ብዙ ናቸው። በእኛም ቢሆን፣ እዚህም ሆነ በስደት ባሉት አብያተ ክርስቲያናት፣ በጨረታው ላይ ከፍ አድርጎ የጠራውን ሰው ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ የጠየቀ ኮሚቴ አላየንም። ዲድስቅልያ ግን ጳጳሳት መባ ከማን እንደሚቀበሉ እንዲመረምሩ፣ ከቀማኛና ከግፈኛም እንዳይቀበሉ ያዝዛል። መበለቶችን ለመመገብ ነው የሚለውን ምክንያት እንኳ አይቀበልም።

ከዚህ በኋላ አንዲት እኅታችን የጠየቀችው ቀረ። «ሰውየው ቢጸጸትስ? የበደላቸውንም ባያውቃቸውስ?» አለች። መልሱን ከአባቶች ጠይቀን ተረዳን። የንስሐ አባቱ ዘንድ ይሄዳል፤ የሚያውቀውን ባለ ገንዘብ ፈልጎ ይመልሳል፤ ቅጣት ካለበትም ይቀበላል። ባለቤቱ ከነወራሹ ያልተገኘለትን ገንዘብ ለድሆች ይሰጣል። ይህ የመጨረሻው ግን ዕዳ መክፈል ስለ ሆነ፣ ስሙ በድምፅ ማጉያ አይጠራም፤ በግድግዳውም ላይ አይጻፍለትም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።