ስለ ከፈሉ ማባከን ይፈቀዳልን?

«ገንዘቤን ከፍዬበታለሁ፤ እንግዲህ ማንን ያገባዋል?» የሚለው ቃል በከተማችን ከብዙ ሰው አፍ ይሰማል። ነገሩ ስለ ጫማ ወይም ስለ ወንበር የተነገረ እንደ ሆነ የሚከራከር አይገኝም፤ ጫማው የገዥው ነውና ቢያስረጀውም ቢጥለውም ጉዳቱ የራሱ ነው። ስለ ኤሌክትሪክ የተነገረ እንደ ሆነ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ እንደ ጤፍ በጎተራ የሚከተት፥ እንደ ቅቤ በቅል የሚቀመጥ ገንዘብ አይደለም፤ ብዙ ሰው ከአንድ ምንጭ በአንድ ጊዜ የሚቀዳው ነው። ስለዚህ በገንዘብ የገዛነው ነገር እስከ ምን ድረስ የእኛ እንደሚሆን ለመመርመር ከርሱ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ለምርመራውም ትንሹንና የማይታማውን ዕቃ እንውሰድ፤ ይኸውም ማንም ሳይሠራበት በርቶ ውሎ የሚያድረው የቤት ኮምፒዩተር ነው።

ከነማሳያው ያለ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሥራ ፈትቶ በርቶ ሲቀመጥ 80 ዋት ያህል ይወስዳል ብንል ከእውነት አንርቅም፤ የአንዳንዱ ከዚህ ያንሳል፥ የአሮጌው ደግሞ ይበልጣል። ባለቤቱ በቀን 4 ሰዓት ሠርቶበት 20ውን ሰዓት እንዲሁ ቢተወው፥ በከንቱ የሚጠፋው በቀን 1.6፥ በወር 48 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በ1 ሰዓት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላልና፥ ይህ መጠን አንድ ምጣድ ወደ 14 ለሚጠጋ ሰዓት ባሠራ ነበር፤ ለአንድ ቤተ ሰብ የወሩን እንጀራ ይጋግራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉ የሚያስገርመው በማሳያው ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራሸረው ሥዕል ነው። ይህ ሥዕል የተፈለሰፈው በቀድሞዎቹ ባለ ቱቦ ማሳያዎች ላይ አንድ ምስል ለብዙ ጊዜ ቆሞ ጠባሳ እንዳይተው ነበር። ዛሬ በየቤታችን ያለው ጠፍጣፋ ማሳያ ይህ ጥበቃ እምብዛም አያስፈልገውም፤ ሥዕሉ ግን ዕቃው ያረፈ እያስመሰለ ኃይል ማስበላቱን አልተወም። ከልቡ ሊያሳርፈው የፈለገ ሰው ኮምፒዩተሩ እንዲያንቀላፋ ቢያዘው፥ የሚወስደው ጥቂት ዋት ብቻ ነው።

በየካ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው ዐይኑን ወደ እንጦጦ ተራራ ያነሣ እንደ ሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። ከባሕር ዛፉ ደን እንጨትና ቅጠል ለቅመው፥ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የማያንስ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፥ ወደ ኮተቤና ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ጎንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ባሕር ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአዲሲቱን ከተማ የማገዶ ችግር ለማቃለል የገባ ነው፤ ችግሩ ግን ከዚያ ዘመን አልፎ እስከ ዛሬ ከነሸክሙ ቆይቷል። ይህን የተመለከተ ሰው ወዲያው «እርሷ ትሸከማለች፥ አንተ ታባክናለህ» ብሎ ሊገሥጽ ይነሣል። እኔ ግን ተግሣጹን ያለ ማስረጃ አልቀበለውም። በኮተቤ አንድ ኮምፒዩተር ስለ ጠፋ ከእናቲቱ ጀርባ አንዲት ጭራሮ አትቀነስም። ሐዘን ብቻውን ክስ አይሆንም፤ ከዚህ ቸልታ ወደዚያ ሸክም የሚያደርስ መንገድ መኖሩ አስቀድሞ መታየት አለበት።

መንገዱን ከግድቡ እንጀምር። «የሌሊት ኃይል ትርፍ ነው፤ ብንጠቀምበትም ባንጠቀምበትም ይጠፋል» የሚሉ አሉ። ይህ አባባል ክረምት ገብቶ ግድቡ ሞልቶ በሚፈስበት ሰሞን እውነትነት አለው፤ በበጋ ግን የለውም። ኤሌክትሪኩ ራሱ ባይከማችም የሚያመነጨው ውሃ ከግድቡ በስተ ኋላ ይከማቻልና፥ ሌሊት ያልወረደው ውሃ ለነገ ይቆያል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ውሃ ባነሰ ጊዜ ኤሌክትሪክ በፈረቃ መታደሉን አንባቢ ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለ ተመረቀ፥ «አሁንማ ሞልቶ ተርፏል» የሚል ይኖራል። ይሁን እንጂ ከጉባ የመጣው ኃይል ወደየቤቱ የሚገባው በሰፈሩ ትራንስፎርመርና በሰፈሩ ሽቦ ነው፤ ምሽት ላይ ምጣዱና ምድጃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲበራ ሽቦው ይጨነቃል። እዚህም ላይ ቢሆን 80 ዋት ከ3,500 ዋት አጠገብ ኢምንት ነውና፥ የኮምፒዩተሩ ጥፋት በዚህ በኩል ከባድ ነው ለማለት አልደፍርም።

ከባዱ ነገር ያለው ከቆጣሪው ዘንድ ነው። በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖር ሰው የራሱ ቆጣሪ ሊኖረው ይችላል። በቀበና ወይም በኮተቤ ባሉት በቀድሞዎቹ ግቢዎች ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቱም ተከራዮቹም በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማሉ፤ ወር ሲያልቅ ሒሳቡ በየክፍሉ ወይም በየራሱ ይታደላል። በሌላ በኩል፥ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ታሪፍ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት የቀድሞውን ዋጋ ሳይነካ ትቶለት፥ ከዚያ በላይ ላለው ግን ዋጋውን በእርከን ከፍ እያደረገ ሄዷል። የሕጉ አሳብ መልካም ነው፤ ድሀው በትንሽ ዋጋ መብራት እንዲያገኝ ነው። በአንድ ቆጣሪ ሥር ሲገባ ግን አሳቡ ይገለበጣል። እያንዳንዳቸው በወር 40 የሚጠቀሙ 4 ቤተ ሰቦች ለየብቻ ቢሆኑ ሁሉም በድሀው እርከን ውስጥ በቆዩ ነበር፤ በአንድነት ግን 160 ይሆኑና ከ100 በላይ ባለው እርከን ይገኛሉ። ከአራቱ አንዱ ኮምፒዩተሩን ሥራ ፈትቶ እንዲያድር የተወ እንደ ሆነ ደግሞ 208 ይሆናል፤ ከ200 አልፎ ሌላ እርከን ይዘላል። ልብ በሉ፤ ያ 48 ኪሎዋት ሰዓት ሕጉ ለአንድ ድሀ ቤት የለየውን 50 ሊያህል የቀረው 2 ብቻ ነው።

ታዲያ «ከፍዬበታለሁ» የሚለው ሰው በዚህ ግቢ ውስጥ ምን ከፈለ? የከፈለው ሩቡን ነው። የቀረውን ሦስት እጅ የከፈሉት፥ ኮምፒዩተሩ መኖሩን እንኳ የማያውቁት ጎረቤቶቹ ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ መጽሐፍ ወይም ትምህርት ሲያወርድ የሚያድር ተማሪ ቢሆን፥ ዕቃው ሥራ ላይ ነውና ነገሩን ለጎረቤቶቹ አስረድቶ ድርሻውን ከፍ አድርጎ ቢከፍል የሚነቅፈው አይኖርም። አሮጌ ኮምፒዩተር ለመነሣት ስለሚዘገይ ብቻ የተወው ሰው ግን የራሱን 2 ደቂቃ በሌላ ሰው ገንዘብ ገዝቷል።

የእንጦጦውም መንገድ የሚገናኘን እዚሁ ነው። ሒሳቡ ከፍ ብሎ በመጣ ጊዜ የግቢው ባለቤት የሚወስደው እርምጃ የታወቀ ነው፤ ተከራይ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንዳይጋግር ይከለክላል። የተከለከለችውም ሴት ወይ እንጀራዋን ከገበያ ትገዛለች፥ ወይ ሦስት ጉልቻ ጎልታ ከተራራው በወረደው ጭራሮና ቅጠል ትጋግራለች። በእርግጥ ክልከላው የኮምፒዩተሩ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ምጣዱም ብዙ ይበላል፥ ታሪፉም በ2017 ዓ.ም. መግቢያ እንደ ገና በየጊዜው ከፍ እንዲል ተደርጓል። ነገር ግን የሚጋግረው ተከልክሎ ማንም የማይሠራበት ተፈቅዶ መኖሩ ፍርድ አይባልም። ለየክፍሉ አነስተኛ ቆጣሪ ያስገቡ ግቢዎች ክርክሩን በብዙ አቅልለውታል፤ ባላስገቡት ዘንድ ግን ሒሳቡ በሚታደልበት ቀን ስለ ምጣዱ ብዙ ይነገራል፤ ምጣዱ እንፋሎቱም ሽታውም ከደጅ ይታወቃልና። ኮምፒዩተሩ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ ይበላል፤ ስሙንም የሚያነሣ የለም።