የቸኮለው ያፈሰሰውን የሚለቅመው ማን ነው?

ሰው አንድ ዕቃ ሊገዛ በተነሣ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች በፊቱ ይቆማሉ። አንደኛው፥ «ይህ ነገር ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ «እኔ በዚህ ነገር ስጠቀም ሌላው ሰው ምን ይከፍልበታል?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ማንም ሳያስተምረው ሰው ሁሉ ይጠይቃል። ሁለተኛውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ስለ ምን ቢሉ፥ ነጋዴው አይነግረውም፥ በዋጋውም ውስጥ አልተቈጠረም። ድስት ወይም ካፖርት የሚገዛ ሰው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ቢዘነጋው ብዙ ጉዳት አይደርስም። በመንገድ ላይ የሚሮጥ ነገር ለሚገዛ ሰው ግን ከሁሉ ሊቀድም የሚገባው እርሱ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ የጎረቤቴ ልጅ ነው። በደብረ ብርሃን ከተማ ዳር ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ሥራ ይዞ ጥቂት ጊዜ ከቆየ በኋላ፥ ከደመወዙ ያጠራቀመው ገንዘብ ስለ በቃው ወደ ቤቴ መጣና፥ «ጋሼ፥ ሞተር ብስክሌት ልገዛ ነው፤ እርስዎ በወጣትነትዎ ይነዱ ነበር ይባላልና የትኛው እንደሚሻል ይንገሩኝ» አለኝ። ሦስት ዓይነት አይቶ ነበር። አንዱ 150 ሲሲ የሆነ፥ ድምፁ ከሩቅ የሚያስገመግም፤ ሁለተኛው 100 ሲሲ የሆነ አነስተኛ፤ ሦስተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ልቡ ወደ መጀመሪያው እንዳዘነበለ ካነጋገሩ ያስታውቅ ነበር። «ከቤቴ እስከ ሥራዬ 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱም ስለሚጨናነቅ ሾልኮ የሚያልፍ ፈጣን ነገር እፈልጋለሁ» አለኝ።

የመንገዱ መጨናነቅ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ ወደ ደሴ የሚሄደውም አውራ ጎዳና መካከሏን ሰንጥቆ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ተሳቢ የሚጎትት የጭነት መኪና፥ አውቶቡስ፥ ባጃጅ፥ የፈረስ ጋሪ፥ ኩበትና እንጨት የተጫነች አህያ፥ ለገበያ የሚነዳ በግ፥ ተማሪና ሠራተኛ ሁሉ በዚያው መንገድ ይጋፋል። በዙሪያዋ የቢራና የልዩ ልዩ ዕቃ ፋብሪካዎች ከተተከሉ ወዲህ ደግሞ የጧቱና የማታው ግፊያ በዝቷል።

በመጀመሪያ ስለ ራሱ ጥቅም መለስኩለት፤ ይህንንም መናቅ አይገባምና። «ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የቤንዚን ሞተር ጉልበት ከሚስበው አየር ጋር የተያያዘ በመሆኑ በወረቀት የተጻፈለትን ኃይል በዚህ አገር ሙሉውን አይሰጥም፤ ካርቡራቶሩም በደንብ ካልተስተካከለ ቤንዚን ያባክናል፥ ያጨሳልም። የኤሌክትሪኩ በአየር መሳሳት አይደክምም፤ ነገር ግን ብርድ የባትሪውን ጉዞ ያሳጥረዋል፥ መብራት በጠፋበትም ሌሊት ሳይሞላ ያድራል። ለተጨናነቀ መንገድ የሚያስፈልገው ብዙ ጉልበት አይደለም፤ ክብደቱ የቀለለ፥ ተቀምጠህ እግርህ መሬት የሚረግጥበት፥ በጠባብ ቦታ የሚታጠፍ፥ ከሁሉም በላይ ፍሬኑ የታመነ ይሁን» አልኩት።

ልጁ ይህን ሁሉ አዳምጦ ሲያበቃ፥ «እንግዲያው የሚፈጥነው የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለተኛው ጥያቄ ጨርሶ በሐሳቡ እንዳልገባ በዚህ ተረዳሁ። አልፈረድኩበትም፤ እኔም በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ አልጠየቅሁትም ነበርና።

ከብዙ ዓመት በፊት ማርሚታው የሚጮኽ ሞተር ነበረኝ። አንድ ቀን ጧት ለጉዳይ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስሄድ ዘግይቼ ነበር። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ደጋው ጫፍ ሲቃረብም ብዙ ጊዜ ጉም ይተኛበታል። በጉሙ ውስጥ እህል የተጫነች አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ደረስኩባቸው። ፍጥነቴን መቀነስ ሲገባኝ ጡሩንባዬን ነፋሁ። አህያይቱ ደንብራ ወደ ቦዩ ዘለለች፤ ጭነቱ ወደቀ፥ ጆንያውም ተቀደደና ስንዴው በጠጠሩ ላይ ተበተነ። ሽማግሌው አልተጎዱም። እኔም ይህን ባየሁ ጊዜ ለይቅርታ እጄን አንሥቼ መንገዴን ቀጠልኩ። የቸኮልኩለት ሰው ግን ቀጠሮውን ግማሽ ሰዓት አሳልፎ ስለ መጣ፥ በደጅ ተቀምጬ ስጠብቀው ቆየሁ።

ከቀትር በኋላ ስመለስ ሽማግሌው ከዚያው ስፍራ አልተነሡም ነበር። ተንበርክከው ስንዴውን ከጠጠሩ መካከል በጣታቸው እየለቀሙ በጋቢያቸው ላይ ያኖሩ ነበር። ሞተሬን አቁሜ አብሬያቸው መልቀም ጀመርኩ። አልሰደቡኝም፥ አልረገሙኝምም። «ልጄ፥ ደረስክበት?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

አገራችን፥ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትላለች። በዚህ ተረት ውስጥ ትክክለኛ ፍርድ አለ፤ ያፈሰሰችው ራሷ ናት፥ የምትለቅመውም ራሷ ናት። በመንገድ ላይ ግን ፍርዱ ይገለበጣል፤ የቸኮለው ያፈሳል፥ ያልቸኮለው ይለቅማል። እንግዲህ የሞተር ምርጫ የገዢው የግል ጉዳይ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። ሰው ሞተር ሲመርጥ ከችኮላው ምን ያህሉን በማያውቀው ሰው ላይ እንደሚጭን አብሮ ይመርጣል።

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ይህን አልዘነጉም። አንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ድረስ፥ የሸዋ መናገሻ በነበረች ጊዜ፥ ያን ዳገት የሚወጣው መንገደኛ በበቅሎ ወይም በእግሩ ነበር። በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን ያውቃል፥ አስኪዶም ስግረቷን ይመረምራል፤ ከዚያ በኋላ ግን አመሏን ይጠይቃል። ረጋጭ ከሆነች መልኳ ቢያምርም ባለቤቷን ከሰው ታጣላዋለች። «ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮላት» የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰው እንዲሰማው ብሎ ማርሚታውን የሚያስቀድድ ወጣት ያንኑ ያደርጋልና። ባለ በቅሎው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ፥ ትልቅ ሰውም ሲያገኝ ይወርድ ነበር። እነርሱ ለማዕርግ የወረዱትን ያህል እኛ ለማናቸውም እግረኛ ፍጥነታችንን ብንቀንስ አይበዛብንም።

በሌላውም ዓለም ይኸው ሐሳብ ነበረ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1865 የወጣው ሕግ፥ በመንገድ የሚሄድ ባለ ሞተር ሠረገላ በከተማ በሰዓት ከ2 ማይል፥ በገጠር ከ4 ማይል በላይ እንዳይሮጥ፥ ከፊቱም ከ50 ሜትር በላይ ቀድሞ ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው እንዲሄድ ያዝዝ ነበር። በ1896 ቀላል ተሽከርካሪዎች ከዚህ እስራት ነፃ ወጡ። ዛሬ ይህን የሚሰማ ሁሉ ይስቃል፤ መሳቁም ይገባዋል። ነገር ግን በሕጉ ውስጥ የነበረው ፍርድ አያስቅም፤ ፍጥነትን ወደ መንገድ ያመጣ ሰው የጥንቃቄውም ሸክም በመጀመሪያ የእርሱ ነው የሚል ነበርና።

ልጁ ይህን በሰማ ጊዜ መልካም ሙግት አቀረበልኝ። «ጋሼ፥ የጭነት መኪናው ለእኔ አያዝንም፤ እኔ ብቻዬን ብጠነቀቅ ምን ይረባል? ደግሞም ካረፈድኩ ደመወዜ ይቆረጣል» አለ። የደመወዝን ነገር ቀላል አድርጌ አላየውም፤ ጠግቦ ያደረ ሰው የድኻን ችኮላ መንቀፍ ይቀናዋል። ቢሆንም ሒሳቡን አብረን አሰብነው። 5 ኪሎ ሜትር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው 7 ደቂቃ ተኩል፥ በ60 ለሚሄድ ደግሞ 5 ደቂቃ ይፈጃል። ትርፉ 2 ደቂቃ ተኩል ነው፤ ያውም መንገዱ ባዶ ሲሆን ነው። ነጂው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 1 ሰኮንድ ቢፈጅበት፥ በ40 ሲሄድ 11 ሜትር፥ በ60 ሲሄድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆንም የምቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ይህ 2 ደቂቃ ተኩል ከሰው ሕይወት ላይ ከሚቀማ ከእንቅልፍ ላይ ቢቀነስ ይሻላል።

ስለ ጭነት መኪናው ግን እንዲህ አልኩት። «ሞተረኛ በሁለት ሰዎች መካከል የቆመ ነው፤ ለመኪናው ደካማ ሲሆን ለእግረኛው ብርቱ ነው። ከመኪናው ነጂ ርኅራኄ የምትፈልግ ከሆነ፥ ያንኑ ለእግረኛው መንፈግ አትችልም። ከበላይህ ላለው እንደ ተበደለ፥ ከበታችህ ላለው እንደ ባለ ሥልጣን ልትሆን ፍትሕ አይፈቅድልህም።»

የጥቂቶች በደል ለብዙዎች እንደሚተርፍም አዲስ አበባ ታስተምረናለች። በሞተር እየመጡ የሚነጥቁና የሚዘርፉ ሰዎች ስለ በዙ፥ የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ከሰኔ ወር መጨረሻ ጀምሮ፥ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በቀር፥ ሞተር በከተማው ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ከለከለ። ቀማኛው ሌላ መንገድ ሳያጣ አልቀረም፤ ዕቃ እያደረሰ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድረው ቅን ሠራተኛ ግን እንጀራው ተነካበት። ስለዚህ በመንገድ ላይ የእያንዳንዱ ጠባይ የሁሉ መያዣ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ሄልሜት የሚሉትን የራስ ቁር ብዙ ሰው የሚያደርገው ትራፊክ ፖሊስ እንዳይቀጣው ነው። በልዩ ልዩ አገር የተደረጉት ምርመራዎች ተሰብስበው ሲታዩ፥ የሞትን አደጋ በ42 ከመቶ፥ የራስን ጉዳት በ69 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ጭንቅላቴ የራሴ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እርሱ ቢወድቅ አልጋው አጠገብ የምትቀመጠው እናቱ ናት። በዚያም ደግሞ ያፈሰሰው ሌላ፥ የሚለቅመው ሌላ ነው።

ልጁ የትኛውን መረጠ? ለኤሌክትሪኩ ገንዘቡ አልደረሰለትም። ቢደርስለትም ከጥንቃቄ አያድነውም ነበር፤ ድምፅ የሌለው ሞተር አህያ ባያስደነብር እንኳ እግረኛው ሳይሰማው ይደርስበታልና። ጠባይን የሚተካ ሞተር ገና አልተሠራም። ትንሹን ገዛ፤ የራስ ቁርም ሁለት ገዛ፥ አንዱን ለሚያሳፍረው ሰው። ጧትም አሥር ደቂቃ ቀድሞ ሲነሣ የበሩ ድምፅ ይሰማኛል።

አንባቢዬ ሆይ፥ አንተም ሞተር ወይም መኪና ልትገዛ በሄድህ ጊዜ ዋጋውንና ጉልበቱን ጠይቅ፤ መጠየቅህ ደግ ነው። ገንዘቡን ከመቍጠርህ በፊት ግን በጉሙ ውስጥ አህያቸውን የሚነዱትን ሽማግሌ አስባቸው። አንተ ብትደርስም ባትደርስም፥ እርሳቸው እህላቸውን ይዘው ከገበያ ሊደርሱ ይገባቸዋል።