«ከእኛ ሰው አለበት?»

ልጄ፣ ባለፈው የያሆዴ በዓል ቤት መጥተሽ የበዓሉ ምግብ አተካናው እስኪቀርብ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ «ጋሼ፣ እኔ ሬዲዮ ላይ ዜና መሥራት ነው የምፈልገው» ያልሽኝን አልረሳሁትም። የዚያን ዕለት እንግዳ በዝቶ ስለነበር «ጎሽ» ብዬሽ አለፍኩ። ጎሽ ማለት ግን አይበቃም። ዕድሜዬን ሙሉ ሬዲዮ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ዜና የምነግርሽ አንድ ነገር አለኝ። እሱንም የምነግርሽ እኔው ካጠፋሁት ጥፋት ተነሥቼ ነው።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ነበር። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከተገኘ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ እዚህ ቦኖሻም በየሱቁ በር ባልዲና ሳሙና ተቀምጧል። ዜናው ሁሉ ስለ በሽታው ነው። በዚያ መሀል አንድ አጭር ነገር ተነገረ፤ ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በሚባል ግዛት አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰዎች ሞተው ተገኝተዋል፣ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም ተባለ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ ወዲያው ወደ ኮሮና ተመለሱ።

ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን ነጠላዋን ሳትደርብ ሮጣ መጣች። ልጇ ወደ ሳውዝ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ከወጣ ሦስት ወሩ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከማላዊ ነው። «ከእኛ ሰው አለበት?» አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። ስልክ መምታት ጀመርን። ሆሳዕና ደወልን፣ ዱራሜ ደወልን፣ ጆሃንስበርግ ጄፒ የሚባለው ሰፈር ያሉት ልጆቻችን ዘንድ ደወልን። ጥያቄው ደግሞ በደወልን ቁጥር እየጠበበ ሄደ። መጀመሪያ «ኢትዮጵያውያን ናቸው ወይ?» ነበር። ከዚያ «ከደቡብ ናቸው ወይ?» ሆነ። ከዚያ «ሀዲያ ናቸው ከምባታ?» ከዚያ «ከወረዳችን ከሻሾጎ አሉበት?» በመጨረሻ «ከእኛ ቀበሌስ?» በሁለተኛው ቀን ማታ ልጁ ራሱ ደወለ። ማላዊ ውስጥ ተደብቆ ተቀምጧል፣ ደላላው ገና አላሳለፈውም። እናቱ መሬት ላይ ተደፍታ እልል አለች። እኛም ተመስገን አልን፣ ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተቆላ፣ ሰፈሩ ተሰበሰበ።

ከዚያ በኋላ ስለ 64ቱ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ያ ቡና እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ዝርዝሩን ያነበብኩት ቆይቼ ነው። ኮንቴይነሩ ውስጥ የነበሩት 78 ሰዎች ናቸው። መኪናው ከማላዊ ተሻግሮ የመጣ ነው፤ ሞአቲዜ የሚባል ቦታ የከባድ መኪና ሚዛን ላይ ሲቆም ነው የተያዘው። 14ቱ በሕይወት ወጡ፤ የቀሩት አየር አጥሯቸው አለቁ። እነዚያ 64 እናት አላቸው። እናቶቻቸው በዚያው ማታ እኛ በደወልንበት መስመር ሲደውሉ ነበር። እኛ እልል ስንል ሌላ ቤት ነጠላ እየተዘቀዘቀ እንደነበር ያሰበ ግን አንድ ሰው አልነበረም፤ ያ ቤት ደግሞ ከእኛ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ሊሆን ይችል ነበር።

አበው ከራስ በላይ ንፋስ ይላሉ። ለራስ ሰው መጨነቅ ነውር አይደለም ልጄ። ያቺ እናት ከልጇ በፊት ስለ ማን ትጠይቅ? የሬዲዮ ሰውም ለአድማጩ «የእናንተ ሰው አለበት፣ የለበትም» ብሎ ፈጥኖ መናገር ግዴታው ነው፤ ቤተሰብ በጭንቅ እንዳያድር። ችግሩ የሚመጣው ዜናው እዚያ ላይ ሲያልቅ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስልሽ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን ቦይንግ ከቦሌ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅ 157 ሰው ሞተ። ከ30 በላይ አገር ሰዎች ነበሩበት። ኬንያ 32 ሰዎቿን ቆጠረች፣ ካናዳ 18 ሰዎቿን ቆጠረች፣ ሌላውም እንደዚያው። ሁሉም የየራሱን ስም፣ የየራሱን ፎቶ፣ የየራሱን ለቅሶ ይዞ ወጣ። ዋና አብራሪው ያሬድ ጌታቸው በአባቱ ኢትዮጵያዊ፣ በእናቱ ኬንያዊ ነበር፤ ሁለቱም አገር «ልጃችን» አሉት፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። 157ቱን በአንድነት ያለቀሱላቸው የጊምቢቹ ገበሬዎች ናቸው። እርሻቸው ላይ የወደቀውን ሰው ፓስፖርቱን አላዩም። ደረታቸውን እየመቱ፣ እንደ አገራቸው ወግ አለቀሱ።

ሌላም አለ። የካቲት 2007 ዓ.ም. ሊቢያ ባሕር ዳር ላይ ብርቱካናማ ልብስ ለብሰው የታረዱትን ታስታውሻለሽ? ያኔ ልጅ ነበርሽ። ዓለም «21 ግብፃውያን» ብሎ አወራ። ግብፃውያኑ 20 ናቸው። አንዱ የጋና ሰው ነው፤ ማቲው አያሪጋ ይባላል። አንድ ስም ጨምሮ መናገር ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? ግን የአገሩ ስም ርዕሱን ስለያዘው ጋናዊው ርዕሱ ውስጥ ጠፋ። በሁለት ወሩ የእኛዎቹ ተራ ሲደርስ፣ ሚያዝያ ላይ፣ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ አገር አለቀሰ፣ ልክም ነበር። እኔ ግን ያኔ አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ የጋናውን ሰው ስም ከማንም አፍ አልሰማሁም፣ እኔም ራሴ አልጠየቅኩም ነበር።

የሳውዙ ነገር ደግሞ ለእኛ አገር ሰው ቅርብ ነው። ግንቦት 2000 ዓ.ም. እዚህ በልግ ቀርቶ ነበር። በሀዲያ፣ በከምባታና በወላይታ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ሕፃናት ይራቡ ነበር፤ ፈረንጆቹ አረንጓዴ ረሃብ ብለው ጠሩት። ብር የሚልኩልን ልጆቻችን ደግሞ በዚያው ወር እዚያ ሎኬሽን በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሱቃቸው እየተዘረፈ ይሯሯጡ ነበር። ጥቃቱ የተጀመረው ከጆሃንስበርግ አሌክሳንድራ ነው። «መጤ ይውጣ» ነበር ጩኸቱ። የሞቱት ሲቆጠሩ 62 ሆኑ። ከእነዚያ ውስጥ 21ዱ የደቡብ አፍሪካ ዜጎች ነበሩ። ከሦስት አንድ ማለት ነው! ዜናው «የውጭ ዜጎች ተጠቁ» ብሎ በአንድ ቃል ሲጠቀልለው እነዚያ 21 የት ይግቡ? ለአገሩ ሰው ባዕድ፣ ለባዕዱ የአገር ሰው ሆነው ቀሩ። እኛም ከዚህ ሆነን የሞዛምቢኩንና የዚምባብዌውን ሰው አልቆጠርንም፤ የእኛን ብቻ ነበር የምንፈልገው።

አገር የራሱን ብቻ ሲያይ የራሱንም አያይም። ይህን የምልሽ የወሎን ነገር በዕድሜዬ ስላየሁ ነው። 1965 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ሕዝብ ሲያልቅ የእኛ ሬዲዮ ስለ ግርማዊነታቸው ጉብኝት ይነግረን ነበር። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ቀርጾ ለአገሩ ሕዝብ አሳየ። እኛ ያንን ፊልም ያየነው ወደ አንድ ዓመት ቆይቶ ነው። ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967፣ ደርግ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አቀረበው። የገዛ ወንድማችንን ሞት ባዕድ ቀርጾ እስኪያሳየን ጠበቅን። በ1977ም እንደገና እንዲሁ ሆነ። መስከረም ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በድምቀት ሲከበር፣ የኮረምን ረሃብ በጥቅምት ወር ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው ካሜራ ያዥ መሐመድ አሚን ነው። እኛ እያከበርን ነበር።

ስለዚህ ዜና መሥራት ስትጀምሪ አንድ ልማድ ያዢ። ቁጥር ስትሰሚ መጀመሪያ «በጠቅላላ ስንት ነበሩ?» በዪ። ከዚያ «ከየት ከየት ነበሩ?» የእኛ ሰው ያለበት ከሆነ ያኔ ስሙን፣ ወረዳውን፣ ቤተሰቡን ፈልጊ፤ ይህንንም በትጋት ፈልጊ፣ ምክንያቱም ሌላ ማንም አይፈልግልንም። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ማላዊ ውስጥ ምዚምባ ላይ 25 አስከሬን በአንድ ጉድጓድ ተገኘ። ታኅሣሥ 2 ቀን ዛምቢያ፣ ሉሳካ ጥግ ንግዌሬሬ ላይ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። በሁለቱም ቦታ የእኛ አገር ልጆች እንደሆኑ ተነገረ፤ በእኛ ጆሮ ግን ሁለት ቀን ቆይቶ ጠፋ። እነዚህን የቦታ ስሞች ከእኔ ብትቀበያቸው ደስ ይለኛል። እዚህ ቡና ቤት የሚቀመጡ ልጆች የአርሰናልን ተሰላፊ እስከ ተቀያሪው ድረስ በቃላቸው ይናገራሉ። ነገ ሊሄዱበት የሚዋዋሉበትን መንገድ ግን አያውቁትም። ከሞያሌ ወዲያ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ ወይም ዛምቢያ፣ ሞዛምቢክ ወይም ዚምባብዌ እያሉ የሚያስረዳቸው ደላላው ነው፤ ደላላ ደግሞ የሞአቲዜን ነገር አይነግራቸውም። ያንን መንገር የአንቺ ሥራ ነው። የሚያልፉባቸው አገሮች የእኛም ዜና መሆን አለባቸው፤ የምርጫቸው፣ የሕጋቸው፣ የእስር ቤታቸው ዜና። ልጁ የታሰረበት አገር ስም ለእናቱ እንግዳ ሊሆንባት አይገባም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልነግርሽ እንዳላልፍ። የእኛ ልጅ እዚያ ሲሞት ጋዜጣቸው ስሙን እንዲጽፍ እንፈልጋለን፤ «አንድ የውጭ ዜጋ» ሲሉት ደማችን ይፈላል። እኛስ? አገራችን አንድ ሚሊዮን ገደማ ስደተኛ አስጠግታለች፤ ጋምቤላ የደቡብ ሱዳን ሰው፣ ሶማሌ ክልል የሶማሊያ ሰው። ከእነሱ መካከል የአንዱን ስም በዜና የሰማሽበት ቀን ትዝ ይልሻል? እኔ ትዝ አይለኝም። ሬዲዮ ላይ ስትገቢ ጋምቤላ የሞተውን ሰው «ስደተኛ» ብለሽ አትዝጊው። ስም ካለው በስሙ ጥሪው፤ እናት ካለችው እናቱን ጠይቂ።

ያቺ ጎረቤታችን አሁንም ከግድግዳው ወዲያ አለች። ልጇ በመጨረሻ ደርሶ ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ይዟል፤ በየያሆዴው ይደውላል። አንድ ጊዜ ስለ 64ቱ አነሣሁባት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ለእነሱ አላለቀስኩም እኮ፤ ጋሼ፣ እዚያ ላይ ኃጢአት አለብኝ» አለችኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም አልኳት። ሬዲዮው ስለ እነሱ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የነገራት።

ያቺን ደቂቃ ልታረዝሚ ነው የምትሄጂው ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያ ዜናሽን የምታነቢበትን ቀንና ሰዓት አስቀድመሽ ላኪልኝ፤ ሬዲዮዬን ከፍቼ፣ እሷንም ጠርቼ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ሁሉንም ቁጠሪልን፣ ከዚያ የእኛን ንገሪን።