አንድ በር ብቻ ያለው ዕቅድ

ወላጅ ስለ ልጁ ነገ ማቀድ ይገባዋልን? መልሱ ግልጽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በመካከላችን ሁለት ዓይነት ወላጆች እናያለን። አንደኛው «ሪዝቁን የሚሰጠው አላህ ነው» ብሎ ልጁን ያለ አንዳች ዝግጅት ለነገ ያስረክበዋል። ሁለተኛው ልጁ ገና አፉን ሳይፈታ «ሐኪም ይሆናል» ወይም «ሱቄን ይረከባል» ብሎ ይወስናል፤ ከዚያ ወዲያ የልጁን ነገር ሁሉ በዚያ ውሳኔ ይለካዋል።

ለመጀመሪያው በሱረቱ ዩሱፍ የተነገረው የነቢዩ የዕቁብ (ዐ.ሰ.) ታሪክ መልስ አለው። ልጆቻቸው ወደ ግብፅ ሲጓዙ በአንድ በር ሳይሆን በተለያዩ በሮች እንዲገቡ መከሯቸው። ወዲያውም ምክራቸው የአላህን ውሳኔ ሊመልስላቸው እንደማይችል ነገሯቸው። እኚህ አባት አቀዱ፤ በአላህም ተመኩ። አንዱ ሌላውን አላስቀረውም። ተወኩል እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ቢሆን ኖሮ ስለ በሮቹ ባልተጨነቁ ነበር።

የሁለተኛው ወላጅ ስሕተት ረቀቅ ይላል። ማቀዱ ጥሩ ነው፤ ጥፋቱ በሩን አንድ ብቻ ማድረጉ ነው። በከተሞቻችን ይህ በር ብዙውን ጊዜ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። የ2014 ዓ.ም. ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ከ100 ልጆች 97ቱ ገደማ ማለት ነው በሩ የተዘጋባቸው። ለአሥራ ሁለት ዓመታት ስለ ሌላ መንገድ አንድም ቀን ያልተነጋገረ ቤተሰብ ውጤቱ በተሰማ ማግስት ለልጁ ምን ይለዋል? «አሳፈርከኝ» የሚል አባት አይጠፋም። ልብ በሉ፤ ይህ ቃል የሚናገረው ስለ አባትየው ክብር ነው። ዕቅዱ የማን እንደነበረ የሚታወቀው ያኔ ነው።

«ልጅ ምን ያውቃል? የሚበጀውን የምናውቅለት እኛ ነን» የሚል ይኖራል። እርግጥ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ የነገውን አይመርጥም። ነገር ግን ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ልጃቸውን እንዲሠዉ በሕልም በታዘዙ ጊዜ እንኳ ጉዳዩን ለልጁ ነግረው ሐሳቡን ጠይቀውታል። የአላህን ትእዛዝ የያዘ አባት ልጁን ከጠየቀ፣ እኛ ከምኞታችን ያመነጨነውን ዕቅድ ሳንጠይቅ የምንጭንበት ሥልጣን ከየት መጣ?

ልጅ አማና ነው። አማና ይጠበቃል፤ የግል ንብረት ግን አይሆንም። ስለዚህ መልካም ዕቅድ አንዱ በር ሲዘጋ ሌላውን ለማንኳኳት የሚያስችል ስንቅ ለልጁ ያዘጋጃል፦ ዲኑን ያወቀ፣ ከትምህርቱ ጎን አንድ የእጅ ሙያ የቀመሰ፣ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ እየያዘ የሰው ሐቅ ምን እንደሆነ የተማረ፣ ወድቆ ሲመለስ የወላጆቹ ቤት እንደማይዘጋበት የሚያውቅ ልጅ እንዲሆን።

ውድ አንባቢ፣ ለልጅዎ ያቀዱትን ያስቡና ራስዎን ይጠይቁ፦ ይህ ዕቅድ ቢከሽፍ ልጄ ምን ይቀረዋል? መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ ዛሬውኑ ልጅዎን ጠርተው አብረው ሌላ በር ይፈልጉ። ወላሁ አዕለም።