ሰገባ ሰፊውና ባለ ሰይፉ

በሰው ዘንድ የተለመደ አንድ ነገር አለ፤ የሚቈርጠው ይመሰገናል፥ የሚሰበስበው ይረሳል። ሰይፍ በግጥም ይወደሳል፤ ጠመንጃና ሽጉጥ ስም ወጥቶላቸው ይጠራሉ። ሰይፉ የሚያድርበትን ሰገባ፥ ሽጉጡ የሚቀመጥበትን ማኅደር፥ ፈረሱ የሚገዛበትን ዛብ ግን ማን እንደ ሰፋው የሚጠይቅ የለም። ነገሩ መረሳት ብቻ ቢሆን ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን በብዙው የኢትዮጵያ ክፍል ሰይፍ የታጠቀው ሰው «ጌታው» ሲባል፥ የሰይፉን ቤት የሰፋለት ሰው «ፋቂ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሰውን የእጅ ሥራ በወገብ ታጥቆ ሠራተኛውን ከደጅ ማቆም በሕሊና ፊት ይጸድቃልን?

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር አንድ አገር ይታይ። መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራብ፥ በቦረና የምትገኝ ከተማ ናት። በአካባቢዋም ሳይንት፥ ለጋምቦ፥ ወግዲና ከላላ አሉ። ይህ አገር ላዩ ደጋ፥ ዳሩ ገደል ነው፤ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ እየተሰነጠቀ ይወርዳል። መኪና ከመምጣቱ በፊት ለብዙ ዘመን፥ መኪና በማይደርስበትም ስፍራ እስከ ዛሬ ድረስ፥ ሰው መንገዱን በእግሩ፥ በፈረስና በበቅሎ ይገፋል። ሙሽራ በበቅሎ ይመጣል፤ ሕመምተኛ በበቅሎ ይወርዳል፤ እህልም በአጋሰስ ጀርባ ከገበያ ይደርሳል። በእንዲህ ያለው አገር ኮርቻን በሆድ ሥር የሚያስረው ጠፍር፥ ወይም በቍልቍለት ጊዜ ኮርቻው ወደ አንገት እንዳይሸሽ ከጅራት ሥር የሚያልፈው ጠፍር ቢበጠስ፥ የሚጠፋው ቆዳ ብቻ አይደለም፤ ነፍስም ሊጠፋ ይችላል።

ሥራውም እንዲህ ነው። የታረደው በሬ ወይም ፍየል ቆዳ ተገፎ ይዘፈዘፋል፤ ጠጕሩና ተርፎ የተጣበቀው ሥጋ በመፋቂያ ይፋቃል፤ በእንቧይ ፍሬና በመሳሰለው እየታሸ ይለፋል፤ በእግር ይረገጣል፤ ቅባት እየጠጣ ይለሰልሳል። ኮርቻ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። የእንጨቱ አፅም በጥሬ ቆዳ፥ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ይለበጣል፤ ሲደርቅም እየጠበበ እንጨቱን ያለ ምስማር ጨምቆ ይይዘዋል። ሰገባም በስለቱ ልክ ይቈረጣል፤ ወስፌ መንገድ ይከፍታል፥ ጠፍር ወይም ጅማት በመንገዱ ያልፋል። ሰገባው እጅግ ቢጠብ ቢላዋው በቸገረ ጊዜ አይወጣም፤ ቢላላም ባለቤቱ ሲሮጥ ይወድቃል፥ ወይም ራሱን ባለቤቱን ይወጋዋል። ስለዚህ ሰፊው የስለቱን ጠባይ ከታጠቀው ሰው ይልቅ አጥብቆ ሊያውቅ ይገባዋል።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ባለሙያ ግን ከገበያው ዳር ተቀመጠ። የሙያው ስም ስድብ ሆነበት። ልጁን የሚድርለት፥ ከልጁም የሚያገባ ከራሱ ወገን በቀር ጠፋ። «ዓይኑ ይበላል» ተብሎ ሕፃናት ከፊቱ ተሸሸጉ። በብዙ ስፍራም ርስት የሚባል ነገር ስላልነበረው፥ ቤቱ የቆመበት መሬት እንኳ የባለ ርስቱ በጎ ፈቃድ ነበር። ባለ ርስቱ ወደ እርሱ የሚመጣው ኮርቻው ሲያረጅ፥ ልጓሙም ጠፍሩ ሲበጠስ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፥ ሰላምታውን ግን ይዞት ይመለሳል።

ይህን ልማድ የሚከላከሉ ሰዎች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። የመጀመሪያው «የሞተ ቆዳ ይነካልና፥ ይሸታልና ርኩስ ነው» የሚል ነው። ነገር ግን ይህን የሚል ሰው ዓይኑን ወደ መጻሕፍት ቤት ይመልስ። ብራናም የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው፤ ይዘፈዘፋል፥ ይወጠራል፥ በመፋቂያም ይፋቃል። የብራና ፋቂም እጅ እንደ ሌላው ፋቂ እጅ ይሸታል። ሆኖም ደብተራው ብራና ቢፍቅ «ሊቅ ነው» ይባላል፤ ያኛው የኮርቻ ቆዳ ቢፍቅ «ፋቂ ነው» ይባላል። ቃሉ አንድ፥ ሥራው አንድ፥ ሽታው አንድ ከሆነ ርኵሰቱ ከየት መጣ? ከቆዳው እንዳልመጣ ግልጥ ነው። የመጣው ከተመልካቹ ነው። ይልቁንም መጽሐፉ በትከሻ የሚንጠለጠልበት ማኅደር፥ በማኅሌት የሚመታው ከበሮ የተለጐመበት ቆዳ፥ ካህኑ መቅደስ ሲገባ ከደጅ የሚያወልቀው ጫማ፥ ሁሉም በቆዳ ሠራተኛ እጅ ያለፈ ነው። የተቀደሰውን ዕቃ የዳሰሰች እጅ ለሰላምታ ብትዘረጋ እንዴት ርኩስ ትሆናለች?

በወሎ ደግሞ ይህን የሚያስረዳ ሌላ ነገር አለ። ክርስቲያንና እስላም አብረው በሚኖሩበት በዚያ አገር አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ በድግስም ጊዜ ለየብቻ ይታረዳል። ቆዳው ግን አይለይም። በክርስቲያን ስም የታረደው በሬና በእስላም ስም የታረደው በሬ ቆዳቸው በአንድ ገንዳ ይዘፈዘፋል፥ በአንድ መፋቂያም ይፋቃል። ከአንዱ ቆዳ የዳዊት ማኅደር፥ ከሌላው የቁርዓን ማኅደር ይወጣል፤ ገዢውም ቆዳው ከማን ቤት እንደ መጣ አይጠይቅም። ሰዎች በማዕድ የተለያዩበት ነገር በፋቂው ደጅ ይገናኛል ማለት ነው። የሚያገናኘውን ሰው መለየት ታላቅ አለማስተዋል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጠለቅ ያለ ነው። «ሰገባና የሽጉጥ ማኅደር የሚሰፋ ሰው ነፍሰ ገዳይን ያስታጥቃልና ከደሙ ተካፋይ ነው» ይባላል። ይህ ሊናቅ የማይገባው ክርክር ነው፤ ደም መመለስ እንደ ክብር በሚቈጠርበት አገር ትጥቅ ጨዋታ አይደለምና። ቢሆንም ሁለት መልስ አለው። አንደኛ፥ የንቀቱ ምክንያት ደም ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ መናቅ የሚገባው ገዳዩ ነበር። ልማድ ግን ገዳዩን ዘፈነለት፥ ሸለመው፥ ከአዝማች አጠገብም አስቀመጠው። ደም ያፈሰሰውን እያከበሩ የደሙን መሣሪያ ቤት የሰፋውን መናቅ ፍርድ አይባልም።

ሁለተኛው መልስ በራሱ በሰገባው ውስጥ አለ። ሰይፍ ሁለት ቦታ አለው፤ አንዱ የጠላት ሥጋ ነው፥ ሁለተኛው ሰገባው ነው። ቀጥቃጩ ስለቱን ሲያወጣ ለመጀመሪያው ቦታ ይሠራዋል፤ ሰፊው ግን ለሁለተኛው ብቻ ይሠራል። ቅኔ የሚያውቅ ሰው በ«ሰገባ» ውስጥ «ገባ» የሚል ቃል እንዳለ አይስተውም፤ የመካነ ሰላምንም ስም ሰሙን በከተማይቱ፥ ወርቁን በሰገባው ሊፈታው ይችላል። ስለት ያለ ጕዳት የሚያድርበት ቦታ ሰገባ ነውና፥ ለስለት መካነ ሰላሙ ሰገባው ነው። ሰገባ የሌለው ቢላዋ ሁልጊዜ በእጅ ይያዛል፤ በእጅ ያለ ቢላዋ ደግሞ በአንድ ክፉ ቃል መካከል ሥራ ያገኛል። ሰገባው በቍጣና በስለት መካከል ጥቂት ጊዜ ያስገባል። ሰው ማሰሪያውን ፈትቶ ስለቱን እስኪመዝ ድረስ አንድ ትንፋሽ ይተነፍሳል፤ በዚያች ትንፋሽ ውስጥም የልጆቹ ፊት ሊታየው ይችላል። ልጓምም እንዲሁ ነው፤ ለፈረሱ ኃይል አይጨምርለትም፥ ያለውን ኃይል ይገዛለታል እንጂ። የእነዚህ ሁሉ ሠሪ የሚሠራው መግታትን ነው።

ይህ ሲባል ሠራተኛው ከተጠያቂነት ሁሉ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ባላጋራውን ሊያደባበት እንደ ሆነ የታወቀ ሰው መጥቶ «ከልብሴ ሥር የሚሸሸግ፥ ቶሎም የሚመዘዝ ስፋልኝ» ቢለው፥ ሰፊው እያወቀ ቢሰፋለት የምክሩ ተካፋይ ይሆናል። ደግሞም የተበላ ጠፍር በቀለም ሸፍኖ ለኮርቻ የሚሸጥ ሰው፥ በገደል አፋፍ ለሚወድቀው መንገደኛ በእግዚአብሔር ፊት ይጠየቃል። እንግዲህ ሰው በሥራው የሚጠየቀው ሥራውን በምን ልብና በምን ታማኝነት እንደ ሠራው ነው፤ በተወለደበት ቤት ወይም በያዘው መሣሪያ አይደለም። ይህ ሕግ ለሰፊውም፥ ለዳኛውም፥ ለካህኑም አንድ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት «ከአባቶች የተቀበልነው ልማድ ነው» የሚል ነው። ነገር ግን ከአባቶች ሁሉ የሚቀድሙት አባቶች ሌላ አሳይተዋል። ሐዋርያው ጴጥሮስ በጌቴሴማኒ ሰይፍ መዝዞ በመታ ጊዜ ጌታው ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አዘዘው። ያው ጴጥሮስ በኋላ ኢዮጴ በደረሰ ጊዜ ብዙ ቀን የተቀመጠው በባሕር አጠገብ ባለው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነው። በሙሴ ሕግ በድን የነካ ሰው ርኩስ ስለሚባል፥ የፋቂ ቤት በአይሁድ ዘንድ የተናቀ ነበር። ታላቁ ራእይ፥ እግዚአብሔር ያነጻውን ሰው ርኩስ እንዳይለው ያስተማረው፥ የተገለጠለት በዚያ ቤት ሰገነት ላይ ነው። በካህናት አለቃ ቤት ወይም በባለጠጋ አዳራሽ አልተገለጠለትም። ሰይፉን ወደ ሰገባ የመለሰ እጅ በመጨረሻ በፋቂው ማዕድ መቀመጡን አንባቢ ያስተውል።

የእስክንድርያም ታሪክ ይህን ይመስላል። ወንጌላዊው ማርቆስ ወደ ከተማይቱ በገባ ጊዜ ጫማው ተበጠሰ፤ ሊሰፋለት የተቀበለው አንያኖስ የሚባል ጫማ ሰፊ ነበር። ሲሰፋም ወስፌው እጁን ወጋው፥ ማርቆስም ፈወሰው፥ አስተማረውም። ያ ጫማ ሰፊ ከማርቆስ ቀጥሎ በመንበሩ ተቀመጠ፤ ስንክሳርም በኅዳር 20 ቀን ያስበዋል። ኢትዮጵያ ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ጳጳሳቷን ስትቀበል የኖረችው ከዚሁ መንበር ነው። የክህነት ሐረግ በወስፌ በተወጋች እጅ በኩል አልፎ መጥቷል ማለት ነው። በዚህ ሐረግ የሚመካ ሰው ወስፌ የያዘውን ሰው ሲንቅ የገዛ አባቱን መናቁ ነው።

የአገርም ሕግ ቢሆን ዝም አላለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ መሆኑን አስታውሰው፥ ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነገሩ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅም ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ ዘሩና ሙያው ሳይጠየቅ መሬት እንዲሰጠው ደነገገ። ዐዋጅ ግን እስከ አፍና እስከ መሬት ይደርሳል እንጂ እስከ ልብ አይደርስም። ስድቡ በአደባባይ ቢቀር በጋብቻ ጊዜ ይጠየቃል፥ በማኅበር ጽዋ ጊዜም ይታሰባል። ልብ የሚታዘዘው ለትምህርትና ለምሳሌ ነው፤ ይህም ከሁሉ አስቀድሞ በካህናትና በተማሩ ሰዎች እጅ ያለ ሥራ ነው።

በዚህ የሚጎዳው ሠራተኛው ብቻ እንዳይመስል። ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው የመቅደላ አምባ በ1860 ዓ.ም. በወደቀ ጊዜ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ወደ ሎንዶን ተወስደው እስከ ዛሬ በዚያ ይገኛሉ። የጽሕፈቱ ባለቤት ስሙ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ብዙ ጊዜ ይነበባል፤ የማኅደሩ ሰፊ ስም ግን አይገኝም። ሆኖም ቀለሙን ከዝናብና ከአቧራ ጠብቆ ለዘመናት ያቈየው የዚያ ስመ ጥፉ ሰው ስፌት ነው። ዛሬ ደግሞ የላስቲክ ገመድና የፋብሪካ ቆዳ በየገበያው ገብቷል፤ ሙያው የሚሞተው ግን በእነርሱ ብቻ አይደለም። ልጅ የአባቱን ወስፌ የሚጥለው እንጀራ ስለማይበላበት ብቻ ሳይሆን ስለሚያፍርበት ጭምር ነው። የተናቀ ሙያ ወራሽ አያገኝም፤ ወራሽ የሌለው ሙያም ከነጥበቡ ይቀበራል። ከዚያ በኋላ «ያገር ባህል ጠፋ» ብሎ ማዘን ዕዳን አይከፍልም።

እንግዲህ የሚገባው ምንድር ነው? ምስጋና ብቻ አይደለም፤ ምስጋና ዋጋ አያስወጣምና። ለሥራው ያለ ማዋረድ ተገቢውን ዋጋ መክፈል፤ በሙያው ስም ሳይሆን በክርስትና ስሙ ወይም አባቱ ባወጣለት ስም መጥራት፤ በድግስ ጊዜ ከእኩዮቹ ጋራ ማስቀመጥ፤ ልጁን በትምህርት ቤት ከሚሰድቡት ልጆች መጠበቅ፤ ከዚህም ሁሉ የሚከብደው፥ ልጆች ለጋብቻ በተፈላለጉ ጊዜ የአያታቸውን መፋቂያ አለመቍጠር ነው። ይህ የመጨረሻው እስኪፈጸም ድረስ የቀረው ሁሉ የደጅ ሰላምታ ነው። ካህንም በዚህ ነገር ስብከቱ የሚታመነው፥ ከስብከቱ በኋላ በዚያ ሰው ቤት ገብቶ እንጀራ ቈርሶ የታየ እንደ ሆነ ነው፤ ጴጥሮስ በኢዮጴ ቃሉን ብቻ ልኮ አልቀረም፥ በፋቂው ቤት አደረ እንጂ።